ባዶው ጋቢና፦ «ልጆቹን ከጋሪው አታውርዷቸው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት «ልጆቹን ከጋሪው አታውርዷቸው» በሚል ርእስ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ለሚገኘው ግቢያችን ነዋሪዎች የተሰራጨውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን ለውይይት ያቀረበውን ረቂቅ ደንብ ለመቃወም የተጻፈ ነው። ረቂቁ አጭር ነው፤ መንጃ ፈቃድ ወይም የተለማማጅ ፈቃድ የሌለው ልጅ በግቢው መንገዶች ላይ የጎልፍ ካርት (ጸሐፊው «ጋሪ» የሚሉትን፣ በጎልፍ ሜዳ የሚነዳውን ትንሽ ክፍት ተሽከርካሪ) እንዳይነዳ ይከለክላል፤ መለማመድ የሚፈልግ ልጅ ካለም ወላጁ ጋቢና አብሮት ተቀምጦ፣ ከክለብ ቤቱ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ ቦታው ባዶ በሚሆንበት በእሑድ ጠዋት እንዲለማመድ ይፈቅዳል። ጸሐፊው ይህን «ልጅነትን የሚያስር ደንብ» ብለውታል። ካርቱ ዝግ ያለ ነው፤ እኛም በልጅነታችን ብስክሌት ስንነዳ አድገናል፤ መንገዱ የራሳችን ስለሆነ የመንግሥት ሕግ አይመለከተውም፤ ልጁን ከወላጁ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እስካሁን የደረሰ ከባድ አደጋ የለም፤ ማኅበሩ የሚፈልገው የቅጣት ገንዘብ ነው፤ ቢከለከሉም ልጆቹ ተደብቀው መንዳታቸው አይቀርም ይላሉ። በየተራ እመልሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልናገር። ማኅበሩ በየፖስታ ሣጥኑ የበተነው ማስታወቂያ ቃሉ ሸካራ ነበር፤ ወላጆችን «ግዴለሾች» ብሎ የሚጀምር ወረቀት እስከ መጨረሻው የሚያነብለት አያገኝም። ልጆች ከስክሪን ተላቅቀው ውጭ ይዋሉ የሚለው ሐሳባቸውም የኔ ሐሳብ ነው። የማልስማማው ከዚህ ተነሥተው በደረሱበት መደምደሚያ ነው። ስለ ልጆቹ ችሎታ ብዙ ጽፈዋል፤ ከነጂው ልጅ አጠገብ ስላለው ባዶ ጋቢና ግን አንድም ዐረፍተ ነገር አልጻፉም፤ የረቂቁ ጉዳይ ደግሞ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው «ጋሪ መኪና አይደለም፤ ቢበዛ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው» የሚል ነው። ቃሉ ራሱ ያዘናጋል። ጋሪ ሲባል በእጅ የሚገፋ ወይም ፈረስ የሚጎትተው ቀላል ነገር ወደ አእምሮ ይመጣል (የፈረሱንም ጋሪ ቢሆን ለአሥር ዓመት ልጅ ለብቻው ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አላየሁም)። በየጋራዣችን የቆመው ካርት ግን ከነባትሪዎቹ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ አራት ልጆች ሲጫኑበት ወደ 600 ይጠጋል። በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 6.7 ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ከአጥር ሥር የወጣች ኳስ ዐይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ገና መያዝ ሳይጀምር ካርቱ 10 ሜትር ሄዷል። በዚህ ፍጥነት ከቆመ ነገር ጋር መላተም ከ2.3 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቆ መሬት እንደ መምታት ነው። ልጃቸውን የጋራዡ ጣሪያ ጫፍ ላይ አውጥተው «ቢወድቅም ዝቅ ያለ ነው» የሚሉ አይመስለኝም።

አሠራሩም ከመኪና የተለየ ነው። አብዛኞቹ የጎልፍ ካርቶች ፍሬን የሚይዝላቸው የኋላ ጎማቸውን ብቻ ነው፤ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በድንጋጤ ከተረገጠ የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው ካርቱ በጎኑ ሊዞር፣ ሊገለበጥም ይችላል። በርም፣ በብዙዎቹ ላይም የደኅንነት ቀበቶ የላቸውም። ተሳፋሪውን የምትይዘው ወገብ አካባቢ ያለችው አጭር ብረት ብቻ ናት፤ እሷም ለአዋቂ ሰው የተለካች ናት። የትንሽ ልጅ እግር ወለሉን አይነካምና የሚመረኮዝበት የለውም። መሪው በድንገት ወደ ግራ ሲዞር በቀኝ የተቀመጠው ልጅ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ብረቷ ወገቡን ስትይዘው ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ በላይዋ ይገለበጥና አስፋልቱን ቀድሞ የሚያገኘው ጭንቅላቱ ይሆናል። ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የሚቀመጡት ደግሞ ነጂው መርገጫውን በድንገት ሲጫን ወደ መንገዱ ይደፋሉ።

ይህን ያነበብኩት ብቻ ሳይሆን ያየሁትም ነው። ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከመዋኛ ገንዳው አጠገብ ባለው አደባባይ ውሻዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ለአራት ሰው የተሠራ ካርት ስድስት ልጆች ጭኖ መጣ። ነጂው አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ እግሩ መርገጫው ላይ እንዲደርስለት ወደ ወንበሩ ጫፍ ተንሸራትቶ ስለወረደ፣ መንገዱን የሚያየው በመሪው ላይ አሻግሮ ሳይሆን በመሪው ቀለበት መካከል አሾልኮ ነበር። አንድ ልጅ ከኋላ የጣሪያውን ብረት በአንድ እጁ ጨብጦ ቆሟል። አደባባዩን ሲዞሩ በቀኝ ጫፍ የነበረችው ሕፃን የአንድ እግር ጫማዋ ወልቆ አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ እሷም ካርቱ ሳይቆም ጫማዋን ልታነሣ እግሯን ወደ መሬት ሰደደች። አጠገቧ ያለችው ልጅ የዋና ልብሷን ከጀርባዋ ጨምድዳ ጎትታ መለሰቻት። ሁሉም ሳቁ። ጫማውን አንሥቼ ስሰጣት አመሰገነችኝ፤ ነጂውም «ይቅርታ» አለኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው። «ሁለታችሁ ውረዱ፣ አንተ ቁጭ በል» የሚላቸው አንድ ትልቅ ሰው ግን አጠገባቸው አልነበረም።

ጸሐፊው የጠቀሱት 24 ኪሎ ሜትርም ቢሆን ለሁሉም ካርት አይሠራም። የፍጥነት መቆጣጠሪያቸው ተነክቶ ከፋብሪካ ከወጡበት በላይ የሚሮጡ ካርቶች በግቢያችን እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለቤቶቻቸውም አይደብቁትም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የፌዴራል ደንብ በሰዓት ከ32 በላይ እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄዱትን በሌላ ምድብ አስገብቶ የደኅንነት ቀበቶ፣ የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ እና የፊት መስታወት እንዲኖራቸው አስገድዷል። በፍሎሪዳ በሕዝብ መንገድ ላይ ሲወጡ የሚመዘገቡና ኢንሹራንስ የሚገባላቸው ሲሆኑ፣ ነጂያቸውም መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ፍጥነት ተጨምሮለት 32ን ያለፈ ካርት፣ ባለቤቱ ጋሪ ብሎ ቢጠራውም በሕግ ፊት ጋሪነቱ ቀርቷል።

ሁለተኛው ነጥብ ብስክሌት ነው። «እኛስ አልወደቅንም ወይ?» ይላሉ። ወድቀናል፤ የጉልበቴ ጠባሳ አሁንም አለ። ነገር ግን ያን ቀን የተላጠው የወደቀው ልጅ ጉልበት፣ ማለትም የራሴው ነበር። 35 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 10 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ካለው የእንቅስቃሴ ጉልበት ይልቅ፣ አራት ልጆች የጫነ ካርት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያለው ከ30 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ይህ ጉልበት የሚያርፈው ደግሞ ነጂው ላይ ብቻ አይደለም፤ አብረውት በተሳፈሩት፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ሕፃን በጋሪ በምትገፋው እናትና ድምፅ አልባውን የኤሌክትሪክ ካርት መምጣቱን በማይሰሙት አዛውንት ላይ ጭምር ነው። ብስክሌት ደግሞ ልጁን ቀስ በቀስ ያስተምረዋል፤ ሚዛን መጠበቅ ያልቻለ ልጅ ሩቅ አይሄድም። ካርቱ ግን ምንም ሳያስተምር፣ መርገጫውን ለነካው ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ሙሉ ፍጥነቱን ይሰጣል።

በዚሁ ነጥብ ሥር «ለመሆኑ በጎልፍ ካርት የተጎዳ ልጅ የት አለ?» ብለው ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ከ1990 እስከ 2006 ያለውን የአሜሪካ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል መረጃ የመረመረ ጥናት፣ በእነዚያ 17 ዓመታት ወደ 148,000 የሚገመት ጉዳት እንደደረሰ፣ ከተጎጂዎቹም 31 በመቶ ያህሉ ከ16 ዓመት በታች እንደነበሩ፣ ዓመታዊው ቁጥርም በዚያው ጊዜ ከእጥፍ በላይ እንዳደገ አሳይቷል። በኋላም የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከ2010 እስከ 2019 ያለውን ጊዜ አጥንተው፣ በየዓመቱ ከ6,500 በላይ ልጆች እንደሚጎዱና ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 12 ዓመትና ከዚያ በታች እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ2021 አቅርበዋል። በእርግጥ እነዚህ ሁሉ ልጅ በነዳው ካርት ላይ የደረሱ አይደሉም፤ አዋቂ እየነዳ የወደቁም አሉባቸው። ያ ግን የጸሐፊውን ክርክር አያግዝም፤ አዋቂ በመሪው ላይ ሆኖም ልጅ የሚወድቅበት ነገር፣ አዋቂው ሲነሣ የበለጠ አስተማማኝ አይሆንም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስንመጣ ሁለት ስሕተት እናገኛለን። ጸሐፊው «ሕጉ እንኳ ለ14 ዓመት ልጅ ይፈቅዳል፤ በአጥራችን ውስጥ ደግሞ እሱም አይሠራም» ብለዋል። 14 የሚለው የድሮው ሕግ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍሎሪዳ ማሻሻያ፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሰው የተለማማጅ ወይም መደበኛ መንጃ ፈቃድ ከሌለው በሕዝብ መንገድ ላይ የጎልፍ ካርት እንዳይነዳ ይከለክላል፤ 18 የሞላውም ቢያንስ በመንግሥት የተሰጠ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ሊኖረው ይገባል። የተለማማጅ ፈቃድ የሚሰጠው ከ15 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ፣ የ14 ዓመቱ ልጅ ዛሬ ከሕጉ ውጭ ነው። ያው ሕግ አስፈላጊው መብራት፣ ፍሬቻና የፊት መስታወት የሌለው ካርት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳይነዳም ይከለክላል።

ሁለተኛው ስሕተት «አጥራችን» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይህ የዕድሜ ድንጋጌ የሚናገረው ስለ ሕዝብ መንገድ ሲሆን፣ የግቢያችን መንገዶች ግን የማኅበሩ ንብረት ናቸው። ታዲያ መንገዱ የማኅበሩ ከሆነ በመንገዱ ላይ ደንብ የማውጣቱም ነገር የማኅበሩ ነው ማለት ነው፤ ጸሐፊው የመንግሥትን እጅ ለመግፋት ያመጡት ክርክር የማኅበሩን እጅ አጠነከረ። በዚያ ላይ የግል መንገድ ባለቤቶች ከካውንቲው ወይም ከከተማው አስተዳደር ጋር በጽሑፍ ተስማምተው የትራፊክ ሕግ በግቢያቸው ውስጥ በፖሊስ እንዲከበር ማድረግ እንደሚችሉ የፍሎሪዳ ሕግ ይደነግጋል። ልጆቹም በሩ ላይ ደርሰው አይመለሱም፤ ከበሩ ማዶ ወዳለው የኳስ ሜዳ ሲሻገሩ የሚያቋርጡት የሕዝብ መንገድ ነው።

ጸሐፊው በጆርጂያ የምትገኘውን ፒችትሪ ሲቲን «ልጆች እንደ ልባቸው የሚነዱባት ከተማ» ብለው በምሳሌነት አንሥተዋል። ምሳሌውን ወድጄዋለሁ፤ ግማሹ ግን ተቆርጧል። ያቺ ከተማ ከመኪና መንገድ የተለየ፣ በድምሩ ከ160 ኪሎ ሜትር የማያንስ የካርትና የእግረኛ መንገድ አላት፤ የኛ ካርቶች የሚጋፉት ከዕቃ ማድረሻ መኪና ጋር ነው። እዚያም ቢሆን ከ12 ዓመት ጀምሮ ያለ፣ ለተለማማጅ ፈቃድ ያልደረሰ ልጅ የሚነዳው ወላጁ፣ አያቱ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊው በፊት ወንበር አብሮት ሲቀመጥ ነው። ፒችትሪ ሲቲ ጋቢናውን ባዶ አልተወችውም።

አራተኛውን ነጥብ፣ ማለትም «ልጄን የማውቀው እኔ ነኝ» የሚለውን፣ የምመልሰው በራሴ ላይ በደረሰው ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እንደ ጸሐፊው አስብ ነበርና። ልጄ 11 ዓመቱ ነበር። ረጋ ያለ፣ የተባለውን የሚሰማ ልጅ ስለሆነ፣ ከጋራ ፖስታ ሣጥኑ ደብዳቤ እንዲያመጣ ቁልፉን እሰጠው ነበር። ብዙ ጊዜ ሄዶ በሰላም ተመልሷል። አንድ ቅዳሜ የአክስቱ ልጅ መጣችና አብረው ወጡ። ከሣጥኑ ሲመለሱ ካርቱን ወደ ኋላ አድርጎ ካወጣው በኋላ ማዞሪያውን ወደ ፊት መመለስ ረሳ፤ የአክስቱ ልጅ ታስቀው ነበር፤ የኋሊት ማስጠንቀቂያው ጢጥ ጢጥ እያለ ነበር፤ እሱ ግን ሳይሰማ መርገጫውን እስከ ወለሉ ተጫነው። ካርቱ ኋሊት ተወርውሮ የጎረቤታችንን የጋራዥ በር ወደ ውስጥ አጎበጠው። ከበሩ ፊት የልጆች የጠመኔ ሥዕል ነበር፤ ጠመኔዎቹ ከነሣጥናቸው ተጨፍልቀዋል። ሥዕሉን ይሥሉ የነበሩት ሁለቱ ሕፃናት ውኃ ለመጠጣት ገብተው ነበር። ልጄን አውቀዋለሁ ማለቴ ውሸት አልነበረም፤ ብቻውን ሲሆን ነበር የማውቀው። ከእኩዮቹ ጋር ሲሳፈር የሚሆነውን ልጅ ግን አላውቀውም ነበር። ፍሎሪዳ የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ የተለማማጅ ፈቃድ የያዘውን የ15 ዓመት ልጅ መኪና ሲነዳ 21 የሞላው ባለ መንጃ ፈቃድ ከጎኑ እንዲቀመጥ የምታስገድደው እሱን ስለማታምነው ብቻ አይመስለኝም።

የወላጅ ውሳኔ ነው ለሚለውም፣ ውሳኔው የወላጅ ከሆነ ዕዳውም የወላጅ መሆኑን ጸሐፊው ቢጨምሩበት መልካም ነበር። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1920 በሰጠው ውሳኔ፣ መኪናውን በፈቃዱ ለሌላ ሰው ያስነዳ ባለቤት፣ ነጂው በቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን መርሁን አስቀምጧል፤ በ1984 ደግሞ የጎልፍ ካርትም በዚሁ መርህ ሥር እንደሚወድቅ ወስኗል። የቤት ኢንሹራንሱ ይሸፍነኛል የሚል ካለ ውሉን ያንብብ፤ ብዙ ውሎች ካርቱ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እንዲሄድ ተደርጎ ከተለወጠ፣ ወይም ጉዳቱ የደረሰው ከግቢው ውጭ ከሆነ ሽፋኑን ያነሣሉ።

ሌላም ብዙዎቻችን የማናስበው ነገር አለ። የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ሞዴል ካርቶች አብዛኛውን ጊዜ ቁልፋቸው አንድ ዓይነት ነው። የጎረቤቴ ቁልፍ የኔን ካርት እንደሚያስነሣ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ አንዱ ወላጅ ለልጁ ቁልፍ ሲሰጥ፣ «የኔ ልጅ አይነዳም» ብሎ የወሰነውን ወላጅ ጋራዥም ከፍቶ ሰጥቷል ማለት ነው።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። «እስካሁን ከባድ አደጋ አልደረሰም» የሚሉት በማኅበሩ መዝገብ ያለውን አይተው ነው። የኔ የጋራዥ በር አደጋ በመዝገቡ ውስጥ የለም፤ ለጎረቤቴ ከኪሴ ከፍዬ በሁለታችን መካከል ቀረ። የጫማዋም ነገር የለበትም። መዝገቡ ባዶ የሆነው አንድም እንደኔ ስላልተናገርን፣ አንድም የዋና ልብስ በጊዜው ስለተያዘ ነው።

ስድስተኛው፣ ማኅበሩ ገንዘብ ፈልጎ ነው የሚለው ነው። ማኅበሩ በየአጋጣሚው ደረሰኝ መቁረጥ እንደሚወድ አልክድም፤ የአጥር ቀለም ጉዳይ ላይ እኔም ተናድጃለሁ። ነገር ግን በፍሎሪዳ ሕግ ማኅበሩ ቅጣት ለመጣል ቢያንስ የ14 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት፣ ጉዳዩም የቦርድ አባላት ባልሆኑ ቢያንስ ሦስት ነዋሪዎች ኮሚቴ ፊት እንዲሰማ ማድረግ አለበት፤ ኮሚቴው ካላጸደቀው ቅጣት የለም። መጠኑም፣ የማኅበሩ መተዳደሪያ ሌላ ካላለ፣ ለአንድ ጥፋት ከ100 ዶላር አይበልጥም። በዚህ መንገድ የሚበለጽግ ማኅበር የለም። እንዲያውም የረቂቁ ደካማ ጎን ቅጣትን ብቻ ማስቀመጡ ነው እላለሁ፤ ከ14 ቀን በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ አደባባዩን በዚያች ደቂቃ የሚዞረውን ካርት አያቆመውም። ከቅጣቱ በፊት ካርቱ በተያዘበት ቦታ እንዲቆም፣ ወላጁም በስልክ ተጠርቶ መጥቶ እንዲወስደው የሚያደርግ አንቀጽ እንዲጨመር በስብሰባው ላይ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የቀረው «ቢከለከሉም ተደብቀው ይነዳሉ» የሚለው ነው። ተደብቆ ለመንዳት የሚንቀሳቀስ ካርት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ካርቶች ወንበር ሥር ካርቱን ለመጎተት ሲፈለግ የምትዞር ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ወደ መጎተቻው ከዞረች ቁልፍ ቢገባም፣ መርገጫ ቢረገጥም ካርቱ አይነሣም። ልጆች ማብሪያዋን ቶሎ እንደሚደርሱባት ስለማውቅ፣ እኔ ወንበሩን ከሥሩ ካለው ብረት ጋር በጓጉንቸር ቆልፌዋለሁ። ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ረቂቁ ከጸደቀ እሑድ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከክለብ ቤቱ ጀርባ እንገኛለን፤ እሱ መሪውን ይይዛል፣ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ። የምንዞርባቸውን የፕላስቲክ ኮኖች ገዝቻለሁ፤ ጸሐፊው የመጨረሻ ልጃቸውን ይዘው ቢመጡ ለሁለት ካርት ይበቃሉ።